በርካሽ የገዛነው አይሱዙና ከወንድሜ የደበቅሁት 10,000 ብር

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኩርፊያ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። «ምን ነካው ይሄ ልጅ? ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነው?» እንዳትሉኝ። መካኒክ አይደለሁም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ፣ እዚሁ ጉብሬ ቁጭ ብዬ ለጋዜጣ እየጫጫርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ነገር ግን አንዲት አሮጌ አይሱዙ ሦስት ወር ሙሉ አስተምራኛለች... ያውም በውድ ክፍያ! ደግሞም ወሬው የመኪና ይምሰል እንጂ ኩርፊያም አለበት። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሹፌር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። የሰው መኪና መንዳት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጎማ ቢፈነዳ የሹፌሩ ጥፋት፣ ትርፍ ቢገኝ የባለቤቱ ብልጠት ነው። እናም «የራሴን ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። የእሱ ዕቁብ ደረሰ፣ እማዬ የጓሮ ባህር ዛፏን አስቆርጣ ሸጠች፣ እኔም ያለችኝን ጥሪት ጨመርኩ።

ጉብሬን ለማታውቁ፣ ከወልቂጤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ የምትገኝ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቤት የማይሠራ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ ብሎኬቱ ሁሉ መኪና ይፈልጋል። የአካባቢው ባህር ዛፍም አዲስ አበባ ድረስ የሚጫን ንብረት ነው። ደግሞ እኛ ጋ መኪና ዝም ብሎ ብረት አይደለም። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ማኅበር አቋቁመው፣ የመርካቶው ነጋዴም የገጠሩ ገበሬም ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያስጠረጉት መኪና እንዲገባላቸው ነው። ስለዚህ «እገሌ መኪና ገዛ» ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይመርቃል። መኪናዋ ቆመች ሲባል ደግሞ... ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል!

ደላላውና የሞቀችው ሞተር

አንድ ደላላ ደወለ። አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር፣ ዋጋዋ ገበያው ከሚጠራው 400,000 ብር ያነሰ። «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለቸኮለ ነው» አለን። መቼም በዚህ አገር መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ውጭ ሊሄድ የቸኮለ ነው! ወንድሜ በዚያ ሳምንት ጅማ ጭነት ላይ ስለነበር «አንተ ሂድና እያት፤ ጭነት ላይ እንዴት እንደሆነች ሞክራት» ብሎ ላከኝ።

ሄድኩ። ስደርስ ሞተሯ ቀድሞ ሞቆ ነበር። አሁን ሳስበው ይሄ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነበር። ባዶዋን ሁለት ዙር ነዱልኝ፣ እንደ ንብ ዕሙም... አለች። «ጭነት ላይስ?» ብዬ ስጠይቅ ደላላው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ አይሱዙ እኮ ናት! አይሱዙ ጭነት ላይ ትጠየቃለች?» አለኝ። ከዚያም ወደ ጥግ ወሰደኝና ሽያጩ ካለቀ «የሻይ» የሚሆን 10,000 ብር እንደማያጣኝ ሹክ አለኝ። አንባብያን ሆይ፣ አልዋሻችሁም፤ ደስ አለኝ። ለወንድሜ ደወልኩና «ሞክሬያታለሁ፣ ጭነት ላይም አንደኛ ናት» አልኩት። ተፈራረምን፣ ሊብሬው ዞረ፣ 10,000 ብሬም ኪሴ ገባ።

ዳገቱ ላይ

የመጀመሪያው ጭነት ባህር ዛፍ ነበር፣ ወደ አዲስ አበባ። ከወልቂጤ ወጥተው ወደ ወሊሶ አቅጣጫ ዳገቱን ሲያያዙት መኪናዋ እየደከመች እየደከመች ሄደችና ቀጥ አለች። ወንድሜ ፊልትሮውን ነካካ፣ ሲጋራውን አጨሰ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁልፉን ቢያዞረው ምንም እንዳልሆነች ተነሳች! ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ደግሞ ቆመች። አምስት ጊዜ እየቆመች በሌሊት ደረሱ። ባዶዋን ስትመለስ ግን አንድም ጊዜ አልቆመችም።

ጋራዥ ገባች። የናፍጣ ፊልትሮ ተቀየረ። ለውጥ የለም። መካኒኩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «ፓምፑ ነው» አለ። ፓምፑ ተፈትቶ አዲስ አበባ ሄደ፣ ታድሶ መጣ። አሁንም ለውጥ የለም። «እንግዲያው ኖዝሎቹ ናቸው» ተባለ፤ አራቱም ተቀየሩ። ወጪው ተደምሮ 120,000 ብር አለፈ። መኪናዋ ዳገቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ያው አመሏ!

ወንድሜ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያስፈራል። አንድ ማታ ቡና ተቀምጠን ሳለ እማዬ ፊት «ከደላላው ጋር ተስማምተህ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለች መኪና እንዴት አመጣህብኝ?» አለኝ። እኔም ተነሥቼ በእናቴ ስም ማልኩ፣ ጮህኩ፣ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጥፋተኛ ሰው እንዴት እንደሚጮህ ታውቁ የለ? ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። በአንድ ግቢ እየኖርን!

የአሰብ መንገድ ሹፌር

ሰፈራችን ውስጥ በደጉ ዘመን በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እማዬ ሄዳ አለቀሰችባቸው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት በከዘራቸው እየተመሩ ግቢያችን መጡ። መኪናዋን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እኔን ጠሩኝ።

«ስትቆም በአንዴ ትጠፋለች ወይስ እየደከመች?»

«እየደከመች ነው ጋሼ።»

«ጥቁር ጭስ ትተፋለች?»

«የለም።»

«ከቆመች በኋላ ስንት ደቂቃ ነው የምትጠብቁት?»

«ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ልጄ፣ ያለቀ ፓምፕ ሲግል ይለግማል፤ ነገር ግን ሃያ ደቂቃ አርፎ እንዲህ አይታደስም። ይቺን ጉሮሮዋን የሚያንቃት ነገር አለ። እናንተ ራሷን አሠራችሁላት፣ ጉሮሮዋን ግን ያየላት የለም።»

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ናፍጣ የሚጀምረው ከሰልባትዮው ነው። ከዚያ በቱቦ ተስቦ፣ በፊልትሮ አልፎ ፓምፑ ጋ ይደርሳል፤ ፓምፑ ጨምቆ ወደ ኖዝሎቹ ይልካል፤ የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ተመልሶ ሰልባትዮ ይገባል። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ የምትፈልገው ናፍጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቱቦው ግማሹ ቢደፈንም አታስታውቅም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ግን ብዙ ትጠጣለች፤ ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሰልባትዮ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ቱቦው ስቦት አፉ ላይ ይለጥፈዋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻውም ይለቃል። «አርፋ ዳነች» የምትሉት ይሄንን ነው።

«ግን በግምት አንሠራም፤ ካልሞከርን ያው እንደ መካኒካችሁ መሆናችን ነው» አሉ። ወንድሜንም ጠሩት። እኔንና እሱን ጋቢና ውስጥ ግራና ቀኝ አድርገው፣ ራሳቸው መሐል ገብተው ሙሉ ጭነት ተጭኖ ያንኑ ዳገት ተያያዝነው። ከወንድሜ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም።

መኪናዋ እንደ ልማዷ ቆመች። መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን እንድከፍት አዘዙኝ፤ ጆሮዬንም እንዳቀርብ። ክዳኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከተደፈነ ናፍጣው ሲወጣ አየር ስለማይተካው፣ ሲከፈት «ፉሽ» ብሎ አየር ይስባል፣ መኪናዋም ወዲያው ትነሳለች። ይሄ መድኃኒቱ አንዲት መርፌ ናት። እኛ ጋ ግን ድምፅ የለም። ቀጥለው ፊልትሮው ጋ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እንድስብ ነገሩኝ። ተጨንቃ ተጣብቃ አልንቀሳቀስ አለች። «አየህ፣ የምትስበው የላትም» አሉ። ከዚያ በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል የምታሳይ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ገጠምን። ቱቦ ቀዳዳ ኖሮት አየር የሚወስድ ከሆነ አረፋ ይታያል፤ እንደዚያ ያለ መኪና ደግሞ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ብሎ ያስቸግራል። አረፋ የለም።

የመጨረሻው ፈተና የጀሪካን ነው። ጀሪካን ሙሉ ንጹሕ ናፍጣ ካሶኒው ላይ በገመድ አጥብቀን አሰርን። ሰልባትዮውን ትተን ቱቦውን ከጀሪካኑ አመጣነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መመለሻ ቱቦውንም ወደ ጀሪካኑ ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ናፍጣው ተመልሶ ወደ ሰልባትዮው እየሄደ ጀሪካኑ ሳታስቡት ባዶ ይቀራል።

ዳገቱን ጀመርን። የምትቆምበት ቦታ ደረሰ... አለፈ! ሁለተኛው ደረሰ፣ አለፈ! ጭነቱ ያው፣ ፓምፑ ያው፣ ኖዝሉ ያው፤ የተለወጠው የናፍጣው መነሻ ብቻ። ወንድሜ መሪውን እንደጨበጠ እንባው መጣ።

ከሰልባትዮው የወጣው

በማግስቱ ሰልባትዮውን አወረድነው። ዝቃጭ፣ ዝገትና ከመዳፍ የማይበልጥ የፌስታል ቁራጭ ወጣ። የጀሪካን አፍ እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር ፌስታል የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፤ እሱ ነው ተቀዶ የገባው። ማጠቢያውና አዲሱ ቱቦ በድምሩ 2,000 ብር አልፈጀም።

ወንድሜ ያንን ፌስታል በጣቱ አንጠልጥሎ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ ወደ እኔ መጣ። «ይቅር በለኝ» አለኝ። «ጭነት ላይ ሞክሬያታለሁ ስላልከኝ፣ ስንገዛት ደህና ነበረች፣ ብልሽቱ በእኔ እጅ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ነው ፓምፑን ያስፈታሁት። በመጨረሻም አንተን ጠረጠርኩ።»

ምን ልበላችሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውየው ይቅርታ የሚጠይቀኝ ባደረግሁት ነገር ነው! እዚያው ጋሼ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጭነት ላይ እንዳልሞከርኳት፣ ሞተሯ ቀድሞ ሞቆ እንደጠበቀኝ፣ 10,000 ብሩንም። ወንድሜ አልተቆጣም። ፌስታሉን መሬት ላይ ጣለና እጁን በናፍጣ ታጥቦ ገባ።

ጋሼ ብቻ ቀሩ። «የአሥር ሺውን ተወው፣ ትመልሳለህ» አሉኝ። «መቶ ሃያ ሺውን የበላው ግን ቃልህ ነው። ሐኪምም መካኒክም የሚሠራው በተነገረው ነው። የውሸት ታሪክ ከነገርከው ደህናውን ይቆርጥና በሽታውን ይተወዋል።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ

እንግዲህ እኔ የከፈልኩበትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። እጃችሁን አስነኩት፤ ሞቆ ካገኛችሁት «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» በሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ጭስ ቢያሳይ ብዙ አያስደነግጥም፤ ሞቆም ካላቆመ ግን ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ወይም ውኃ አለ ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ ከፓምፑ በፊት የአየር ፊልትሮውን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነውና የፋሻ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እሱ የናፍጣ ጉዳይ አይደለም፣ ወጪውም ሌላ ነው።

የቀን ኪራይ ከፍላችሁም ቢሆን ጭነት ጭናችሁ ዳገት ሞክሩ። ባለቤቱ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሲቆም ውኃ ከናፍጣ በታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ካደረች በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ከሥር ትንሽ አውርዳችሁ በብርጭቆ ያዙት፤ ውኃ ካለ ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ግማሽ ሰልባትዮ ይዛ የምታድር መኪና በብርድ ሌሊት ውስጧ ጤዛ ስለሚቋጥር፣ ከቻላችሁ ማታ ሞልታችሁ አሳድሯት።

መኪናዋ ከታመመች ደግሞ ከሳንቲሙ ወደ ሺው ሂዱ፦ ክዳን፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ ሰልባትዮ፣ ከዚያ በኋላ ፓምፕ። ፓምፑ ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚገጣጠሙት ከሚሊሜትር ሺኛ ጥቂት እጅ በሚሆን ክፍተት ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ። የሚያለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። ለዚህ ነው ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ ቀስ በቀስ የሚበላቸው። ሰልፉ ሲረዝም በየጥጉ በጀሪካን የሚቸረቸረው ናፍጣ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ አዋጅም ሕገ ወጥ ሽያጩን በከባድ ቅጣት ያስጠይቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቃችሁ። ሞተሩ እየሠራ ኖዝል የሚረጨውን በእጃችሁ እንዳትሞክሩ። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ያስገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም እጅ ሊያስቆርጥ ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። አሮጌ መኪኖች ላይ መካኒኮች የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ለማወቅ የየኖዝሉን ቱቦ በተራ ላላ ያደርጋሉ፤ ቱቦው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ይሄ የለመደ ባለሙያ ሥራ ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዙት፣ ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም! እነሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመካኒኩም ለወንድማችሁም እውነቱን ንገሩ። ያልሞከራችሁትን «ሞክሬያለሁ» አትበሉ።

አይሱዙዋ ዛሬ ደህና ናት፤ ባህር ዛፏን ጭና ያንን ዳገት ስትወጣ ማየት ነው! 10,000 ብሩን ከዚህ ዓምድ በማገኛት ክፍያ በየወሩ እየመለስኩ ነው፤ ይሄን ጽሑፍ ስታነቡ 3,000 ብር ይቀረኛል። ከወንድሜ ጋር ቡና እንጠጣለን፣ እናወራለን። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፦ አሁን ጎማ ሊገዛ እንኳ ሲሄድ ራሱ ነው የሚሄደው። አልፈርድበትም። ፓምፕ በአንድ ቀን ተፈትቶ ይታደሳል፤ እምነትን የሚያድስ ጋራዥ ግን ጉብሬም ወልቂጤም አላገኘሁም። አዲስ አበባ ካለ ጠቁሙኝ።

ቸር ይግጠመን!